ፋብሪካው መልሱልኝ ያለው መኪና

ወላሂ፣ የሆነ ነገር ነው።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል የጨመርኩባት የለችም።

የማታምኑ ካላችሁ እዚሁ ተዉት። እኔ ሰው ለማሳመን የሚሆን ትዕግሥት የለኝም። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዘመኑ 1988 ዓ.ም.፣ ወሩ መጋቢት። ጋምቤላ ገና "ክልል አሥራ ሁለት" የምትባልበት ጊዜ። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ... ከቀኑ።

አዎ፣ ከቀኑ! ጂን ማታ ብቻ ነው የሚመጣ ያላችሁ ማነው? በመጋቢት፣ በሰባት ሰዓት፣ ጋምቤላ ውስጥ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። እኔ ያየሁትን ያየሁት በዚያ ፀሐይ ነው።

አሊ እባላለሁ። መካኒክ ነኝ። ትውልዴ ወሎ ነው፤ በሰባ ሰባት በሰፈራ ስንመጣ አቦቦ ነው ያወረዱን።

እዚያ ወባ ጣለኝ። እናቴም ታማ አጠገቤ ተኝታለች። ዓሣ ቀቅላ መረቁን በማንኪያ እያጠጣች ያዳነችኝ አንዲት የአኙዋ ሴት ናት። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ቋንቋዋን አላውቅም። ስምንት ቀን ሙሉ አጠጣችኝ።

እማማ ኒካው ትባላለች። ሁለት እናት ነው ያለኝ የምለው በእሷ ነው።

ልጇ ኦሞድ ወንድሜ ሆነ። ክልሉ ሲቋቋም እሱ ቢሮ ገባ፣ እኔ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ጋራዥ ከፈትኩ። እማማም ከአቦቦ መጥታ እሱ ጋ መኖር ጀመረች።

ያን ዓመት ግን ታመመች። ልቧ ደከመ፣ እግሯ አበጠ። የመቱ ሐኪም በየወሩ ላያት ይገባል አለ። ያንን መንገድ ያየ ያውቀዋል። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ደርሳ ስትመለስ ሦስት ቀን አፏን አትከፍትም። ሐኪሙ ኦሞድን ለብቻው ጠርቶ፣ "እንዲህ እያንገጫገጫችሁ ካመጣችኋት አንድ ቀን መንገድ ላይ ትቀርባችኋለች" አለው።

ኦሞድ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ቀን ጠዋት ጋራዤ መጣ።

"አሊ፣ መኪና አገኘሁ።"

"የምን መኪና?"

"ለእናቴ። ወንበሩ አልጋ ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ግን አንተ ካላየኸው አልገዛም።"

"ኤሲው ይሠራል ማለት ነው?"

ኦሞድ ትንሽ አሰበ።

"እንጃ... ሞተሩ ጠፍቶ ነበር እኮ።"

ሳቅኩበት። ምን ያድርግ፣ ስለ መኪና አያውቅም አልኩ።

ሻጩ ዕዝራ የሚባል ደላላ ነው። ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያህል፣ አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ። ዲማ ለሚውሉት የወርቅ ነጋዴዎች መኪና እያመጣ የሚሸጥ። ይሄኛው ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የወጣ ነጭ መኪና ነው። ወንበሩ ሌዘር፣ መስታወቱ ጣት ሲነካው የሚወርድ፣ አንዱ በር ሲቆለፍ አራቱም አብረው የሚቆለፉ። የዚያን ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዱት ባለሥልጣን እና ፈረንጅ ብቻ ናቸው።

"አሊዬ! ይሄ መኪና አይደለም፣ ቤተ መንግሥት ነው!" አለኝ ዕዝራ።

መኪናው ማንጎ ሥር ቆሟል። አራቱም በሮች ተበርግደዋል፣ መስታወቶቹ በሙሉ ወርደዋል።

ሥራዬን ጀመርኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን በጣቴ አሸሁ። ከሥሩ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ፍሬኑን፣ ባሌስትራውን፣ ካምቢዮውን... አንድ በአንድ አየሁ።

ምንም የለበትም። እንደዚያ ያለ ጤነኛ ሞተር በሕይወቴ አላየሁም።

ግን...

ከሥሩ ስወጣ በግራ በኩል ያለው የኋላ በር ዓይኔን ያዘው። የሦስቱ በሮች የውስጥ ልባስ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። የዚህኛው አዲስ ነው።

"ይሄን በር ምን ነካው?"

"ኧረ ምንም። የፈረንጆቹ ውሻ ቧጥጦት ነው።"

ዕዝራ የምንጠጣው ውሃ ሊያመጣ ሲገባ ልባሱን በካቻቢቴ ፈልቀቅ አደረግኩት።

ከሥሩ ያለው ብረት ተቧጥጧል። ከላይ እስከ ታች። ቀለሙ ተልጦ...

ከአንደኛው ጭረት ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተሰክቷል። በጣቴ ነቅዬ አወጣሁት።

ጥፍር ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ጥፍር።

"ምንድነው?" አለኝ ኦሞድ በሹክሹክታ።

"ቆይ" አልኩት። ጥፍሩን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ዕዝራ ውሃውን ይዞ መጣ። "እህሳ፣ ባለሙያው? ምን ይላል ሞተሩ?"

"ሞተሩ እንከን የለውም" አልኩ። "ግን አዲስ አበባ ደውዬ የማጣራው ነገር አለ። ነገ መልስ እሰጣችኋለሁ።"

ምላሴ በተቆረጠ! ሰው ከንግግሬ የሰማው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ጥፋቴ ነውና አልደብቅም። እኛ የጋምቤላ መካኒኮች መኪና የምናየው በሩን በርግደን ነው። በዚያ ሙቀት ማን አብዶ መስኮት ይዘጋል? አራቱንም በሮች ዘግቼ፣ መስታወቱን ሁሉ ከፍ አድርጌ፣ አንዲት ደቂቃ ውስጡ ብቀመጥ ኖሮ ጉዱን አየው ነበር። አልተቀመጥኩም። ዕዝራ ደግሞ እንደማልቀመጥ ያውቃል፣ ሌባ!

እህቴ እሙዬ አዲስ አበባ አንድ የመኪና አስመጪ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ፋብሪካዎች የሸጡት መኪና ላይ እንከን ሲያገኙ "መልሱልኝ፣ ላስተካክለው" ብለው ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤው በእሷ እጅ ያልፋል። ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ ደወልኩና የሻንሲ ቁጥሩን አስጻፍኳት። "ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደውልልኝ፣ ፋይሉን አወጣዋለሁ" አለችኝ።

በማግስቱ ቴሌ ቤት ቁጭ አልኩ። ላቡ ይወርዳል። መስመሩ አልገኝ ብሎ እስከ ሰባት ሰዓት ገደማ ተጎለትኩ።

"አሊ! ካቢን ሁለት!"

ሮጬ ገባሁ።

"ሀሎ፣ እሙዬ?"

"አሊ... ገዝታችሁታል?"

"አልገዛንም።"

"እሰይ። እንዳትገዙት።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፋብሪካው መልሱልኝ ካላቸው ውስጥ ነው። በሩ በራሱ ይቆለፋል። መስታወቱም አይወርድም። ውስጥ ያለ ሰው መውጣት አይችልም።"

"ተሠርቶ እንደሁስ?"

"ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብቷል። ሁለቱንም ጊዜ ፈትሸው ምንም አላገኙበትም።"

"ታዲያ?"

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።

"እሙዬ! ተናገሪ እንጂ!"

"ሰው ሞቶበታል፣ አሊ። የድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ወንበሩን ልታጸዳ ገባች፣ ተቆለፈባት። ቀን በቀን። ሁሉም ምሳ ሄዷል፣ ማን ይስማት? ልጅ እግር ናት አሉ... ለሁለተኛ ጊዜ የተፈተሸው ከዚያ በኋላ ነው።"

ኪሴ ውስጥ ያለው ጥፍር ትዝ አለኝ።

"ሻጩ ያውቃል?"

"ዕዝራ የሚባል ነው? ያውቃል እንጂ። የደብዳቤውን ቅጂ ፈርሞ ወስዷል፣ ፊርማው እዚህ ፊቴ ነው።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት በምን ልንገራችሁ? ፈርሞ! አውቆ! ለታመመች አሮጊት!

"አሊ... ሌላም አለ" አለች። አሁን ከመጀመሪያው ይልቅ ድምጿ አንሷል። "በኋላ የፈተሸው መካኒክ ፎርሙ ላይ በእጁ የጻፈው... 'የኋላዋ ተሳፋሪ ካልወረደች አልሠራም' ይላል።"

"የምን ተሳፋሪ?"

ቱ... ቱ... ቱ...

መስመሩ ተቋረጠ።

በሩጫ ኦሞድ ቤት ደረስኩ። ማንም የለም። ጎረቤታቸው ኛቾል ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ በቆሎ ትፈለፍላለች።

"ኛቾል! ኦሞድስ?"

"ቸርች ሄዱ። መኪና ይመርቃሉ።"

"የምን መኪና?!"

ገረማት። "የገዙት ነዋ። ዕዝራ ጠዋት አመጣ። አሊ አጣርቶ ጨርሷል፣ እንከን የለም ብሏል አለ። የዲማ ሰው ማታ ይወስደዋል አለ። ኦሞድ ቶሎ ገዛ።"

ክው አልኩ። ስሜን ነው የሸጠው! የእኔን ስም ከመኪናው ጋር አብሮ ሸጠው!

ምርቃቱን አውቀዋለሁ። የኦሞድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዲስ ነገር ያለ ጸሎት አይጀምሩም። የልብስ ስፌት መኪናም ይሁን ታንኳ፣ መሃል አስቀምጠው፣ ከበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልዩበታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ከበሮውም አይቀርም።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ነጩ መኪና መሃል ሜዳ ላይ፣ ጠራራው ላይ ቆሟል። ሰው እንዲከበው ብለው ከጥላ አውጥተውታል። ስድሳ የሚሆን ሰው ዙሪያውን ቆሞ ይዘምራል። ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል።

እማማ ኒካው ውስጥ ናት።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ክብሩ ይገባታል ብለው ብቻዋን አስቀመጧት። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሷ ትሁን አሉ። ቅዝቃዜው እንዳይወጣባት ሞተሩን አስነስተው በሩንም መስታወቱንም ዘጉላት። ለደግ ብለው ነው። ማንም ሰው እንዲህ ለደግ ብሎ እናቱን...

እኔ መካኒክ ነኝ። በከበሮ መሃል እንኳ ሞተር ሲሠራ አይጠፋኝም።

ሞተሩ አይሰማም። ጠፍቷል።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቆምኩ።

አዎ፣ ቆምኩ! እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንዱ ሲጸልይ ሌላው ዳር ቆሞ ይጠብቃል። የሰው ጸሎት አይቋረጥም፣ ነውር ነው። ይህቺ መዝሙር ትለቅ ብዬ ቆምኩ። እግሬ ይሰበር! እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው ለዚያች አንዲት መዝሙር ነው።

በሰዎቹ ትከሻ መሃል የኋለኛውን መስታወት አየሁ።

አንድ መዳፍ መስታወቱን ይመታል። ይመታል... ይመታል... ድምፁን ከበሮው በልቶታል።

አጠገቧ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

የኦሞድ ሚስት አጅዋንግ መሰለችኝ። አጅዋንግ ግን እዚያው ፊቴ፣ ላብ በላብ ሆና ከበሮ ትመታለች።

መኪናው ውስጥ ያለችው ትንሽ ናት። ሻሽ አስራለች። ጭንቅላቷ የወንበሩን መደገፊያ እንኳ በቅጡ አይደርስም። እማማ እየተንፈራገጠች እሷ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እማማን አታያትም።

እኔን ነው የምታየኝ።

"አቁሙ! ያ አላህ፣ አቁሙ!"

ሰዉን እየገፈተርኩ ገባሁ። እጀታውን ሳብኩት፣ ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ ውስጥ መሪው ጋ ተንጠልጥሏል። የግቢውን በር የሚያስደግፉበትን ድንጋይ አንስቼ በቀኝ በኩል ዞርኩ። እማማ ያለችው በግራ ነው፣ ስብርባሪው እንዳያገኛት ብዬ።

በቀኝ በኩል ያለችው ያችኛዋ ናት። መስታወቱ ላይ ፊት ለፊት ተያየን።

"ቢስሚላህ!" ብዬ ወረወርኩት።

መስታወቱ ተንኮታኮተ። ከውስጥ የወጣው አየር ፊቴን መታኝ... የበረኪና ሽታ ነው። እጄን ሰድጄ መቆለፊያውን ስፈልግ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ባዶ ነው።

እማማን ኦሞድና እኔ ጎትተን አወጣናት። ባሮ ውስጥ ወድቃ የወጣች ይመስል ልብሷ ረጥቧል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አጅዋንግ እያለቀሰች ውሃ አፈሰሰችባት። ኦሞድ እግሯን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ቆይታ ቆይታ... ተነፈሰች።

"እማማ! እማማ፣ እኔ ነኝ፣ አሊ።"

ዓይኗን ከፈተች። ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግኩ።

"አሊ... ልጅቱ እጄን ይዛ ነበር። አለቅም አለች።"

የእማማን አንጓ አየሁት። የአራት ጣት ምልክት አለበት።

በዚህ መሃል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ዕዝራ! ወረቀቱን ሊያስረክብ መጥቶ ከሕዝቡ ጋር ሲያጨበጭብ ነበር።

"አብደሃል እንዴ አሊ? ይሄ መስታወት እዚህ አገር የሚገኝ መሰለህ?"

መስታወቱ! ሴትዮዋ መሬት ላይ ተዘርራ፣ እሱ ስለ መስታወቱ!

አንገቱን አነቅኩት። "ፈርመህ ነው የወሰድከው! ሰው ሞቶበታል! አውቀህ ነው!"

ሰው እንዳይሰማው ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ። "ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ምንም አልተገኘበትም። እኔ ምን ላድርግ? ደግሞስ... እንከን የለውም ያልክ አንተ አይደለህም?"

ያናደደኝ መዋሸቱ ብቻ አይደለም። ያቺ ቃል ከአፌ መውጣቷ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገብተው አላቀቁን። ኦሞድ ከእናቱ ቀና ሳይል፣ "መኪናህን ከዚህ አጥፋልኝ" አለው።

"ይቅርባችሁ!" አለ ዕዝራ የተቀበለውን ብር መልሶ፣ ሸሚዙን እያስተካከለ። "የዲማው ሰውዬ በደስታ ይወስደዋል።"

ሌላ ሰው ላይ ሊሸጠው ነው! በዚያው ቀን!

ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። በአንዴ ተነሳ።

ያን ጊዜ አየኋት።

ከዕዝራ ጀርባ ተቀምጣለች። ትንሿን እጇን የሹፌሩ ወንበር መደገፊያ ላይ አድርጋለች። ዓይኗን አሁንም ከእኔ ላይ አላነሳችም።

አፌን ከፈትኩ።

"ዕዝራ፣ ውረድ፣ ከኋላህ..." ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ሦስት ቃል ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ።

ዘጋሁት።

እሱም አልነገረንማ! ፈርሞ፣ አጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ እናቴን ዘግቶባት እያጨበጨበ አልነበረም? እኔም አልነገርኩትም። እንደዚያ ነው ያደረግኩት፤ ፍረዱኝ።

ጠቅ...

አራቱም በሮች ተቆለፉ። ዕዝራ ልብ ያለውም አይመስለኝም። ነድቶ ወጣ።

እማማ ኒካው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። አራት ዓመት ኖራለች፤ መቱም ስትሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍታ ነው። ስለዚያች ልጅ ግን ዳግመኛ አንስታ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኩን የሚባል ፖሊስ ጋራዤ መጣ። ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ይቁነጠነጣል።

"አሊ፣ መሣሪያህን ያዝ። አቦቦ መንገድ ላይ መኪና ቆሟል። ሰው አለበት፣ አይከፍትም።"

የማን መኪና እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከድልድዩ ወዲያ ብዙ ሄድን። ነጩ መኪና አስፋልት በሌለው አቧራማ መንገድ መሃል፣ ዙሪያው አንድ ዛፍ በሌለበት ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። ጠጋ ብዬ በቀኝ በኩል ያለውን የኋላ መስታወት አየሁ።

እኔ በድንጋይ የሰበርኩት መስታወት ነው። ሙሉ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም።

ዕዝራ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በግራ በኩል። መዳፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ... ሞቷል።

"ስበረው" አለኝ ኩን።

"መጀመሪያ እጀታውን ሞክረው።"

ኩን ሁለት ጣቱን ሰደደ። በሩ ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር። አራቱም አልተቆለፉም ነበር።

ሞተሩን ላጠፋ በሹፌሩ በኩል ከፈትኩ። መግባት አልቻልኩም። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቦ ከመሪው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። እንኳን ያ ግንድ የሚያህል ዕዝራ፣ እኔ ጉልበቴ አይገባበትም።

"ታዲያ ማነው እስከዚህ የነዳው?" አለ ኩን።

እኔ የኋላ ማሳያ መስታወቱን እያየሁ ነበር። በጣም ወደ ታች ዘቅዝቋል፣ ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው። መንገዱንም አያሳይም።

የሚያሳየው የኋለኛውን የግራ ወንበር ነው።